ሃምሳ ሁለት ብልጭታ

የባትሪ ድንጋዮቹን ከማለዳ ጀምራ ደጃፍ ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ አስጥታቸዋለች። ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ለሩብ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራል፤ ከዚያ በላይ የሚለምነው ሰው ሞኝ ነው። ማህደር የምትፈልገውም ያንኑ ሩብ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ድንጋዮቹን ከነትኩሳታቸው ራዲዮው ሆድ ውስጥ ትከታለች፤ መምረጫውን ምንም ጣቢያ ወደሌለበት ወደ ግራ ጥግ ትወስደዋለች፤ ከዚያ ሹሹታውን ታዳምጣለች። እንዲህ ስታደርግ ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው። እስካሁን የሰማችው ሹሹታ ብቻ ነው።

የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ መኪናው የሚወጣበትን ቀን።

ማህደር ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ነገሩ ሁሉ እንደ ደንቡ ቢሄድ ኖሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የምትጨርሰው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ፈተናው ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ። በስተመጨረሻ ተፈተነች፣ አለፈች፣ ጎንደር ላይ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ምዝገባው የፊታችን ሰኞና ማክሰኞ ነው፤ በሁለቱ ቀን ያልተገኘ ቦታውን እንደተወ ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ ማህደር ወረቀቱን አጣጥፋ ሸሚዟ ውስጥ ይዛዋለች፤ ካነበበችው ብዛት እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

ከደባርቅ ጎንደር አስፋልት ነው። በደህናው ጊዜ ሰው ቁርሱን እዚህ በልቶ ምሳውን እዚያ ይበላ ነበር። አሁን መኪና የሚወጣው መንገዱ ሲከፈት ነው፤ መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ሹፌሮቹ ራሳቸው የሚያውቁት ቢበዛ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ስልክ የለም። ኔትዎርኩ ከጠፋ ስንት ወር እንደሆነው ሰው መቁጠሩን ትቷል።

ደባርቅ ወርዳ ብትጠብቅ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ግን አባቷ አቶ ሻረው እግራቸውን ተሰብረዋል። ቱሪስት በሚመጣበት ዘመን ተራራው ላይ ጨነቅ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ በቅሎ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በገደል አፋፍ ሄደው ያልወደቁት ሰውዬ መስከረም ላይ ከገዛ ጓሯቸው ካብ ወደቁ። ወጌሻው አሽቶ፣ በሽመል አስሮ፣ እስከ ገና እንዳይቆሙ ብሎ ሄደ። አክስቷ አገርነሽ ጎረቤት ስለሆኑ ማህደር ስትሄድ ወንድማቸውን እንደሚያስታምሙ ቃል ሰጥተዋል፤ ግን የአጨዳ ወቅት ነው፤ እስክትሄድ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ የእሷ ነው።

ቤታቸው ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው በኩል፣ ተረተር ላይ ነው። ከደጃፉ ሲቆሙ የከተማው ቆርቆሮ አንድ በአንድ ይታያል፤ ለመውረድ ግን ሁለት ሰዓት፣ ለመውጣት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያስኬዳል። መሐል ላይ ኬላ አለ። ትናንት ወጥቶ ዛሬ የሚወርድ ሰው፣ ምን ፍለጋ ነው የምትመላለሰው ይባላል። አንድ ጊዜ ያሳልፉሻል፤ በሁለተኛው ቀን ፊትሽን ያውቁታል፤ በሦስተኛው ይመልሱሻል።

የቀረችው ሳጂዳ ብቻ ነበረች።

ሳጂዳ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። አባቷ አቶ ጠይብ መናኸሪያው አጠገብ የባጃጅና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ሹፌሮች ሲቦዝኑ የሚቆሙት እዚያ ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ መኪና ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ ከመናኸሪያው ቀድሞ ሱቁ ይደርሳል። ሳጂዳ ወሬው አላት፤ ማህደር ወሬው ያስፈልጋታል። በመካከላቸው ያለው ገደል ነው። ገደሉን የሚሻገር ነገር ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳሉ ሠርተው ነበር።

ያኔ የፊዚክስ መምህራቸው ለሳይንስ ኤግዚቢሽን አንድ ነገር ሥሩ ሲሏቸው ሌላው ተማሪ በካርቶን እሳተ ጎመራ ሠራ። ሁለቱ ከአቶ ጠይብ ሱቅ ጀርባ ከተጣለው ብረት መሐል የአሮጌ ቤንዚን መኪና ኮይል አነሱ። ኮይል ማለት ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ ነው። አሠራሩ ለልጅም አይከብድም። ኮይሉን ከመኪና ባትሪ ጋር ታገናኚዋለሽ፤ ከጫፉ ላይ ሁለት ምስማር አፍ ለአፍ ታቆሚያለሽ። ሽቦውን ባትሪው ላይ ነካ አድርገሽ ስትለቂው ምስማሮቹ መሐል ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል። አንደኛውን ምስማር ባሕር ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ረጅም ሽቦ ጋር፣ ሌላኛውን እርጥብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ታስሪዋለሽ። በቃ። ብልጭታው በዘለለ ቁጥር በዙሪያው ያለ ራዲዮ ሁሉ «ጠቅ» ይላል። ዘፈን አይልክም፣ የሰው ድምፅ አይልክም፤ ጠቅ ብቻ።

ጠቅታውን ቃል ለማድረግ ፊደሉን ቆጠሩት። ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ መ አራት እያሉ እስከ ፐ። መጀመሪያ የፊደሉ ተራ ይመታል፤ ትንሽ ዝም ይባላል፤ ከዚያ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ከሚለው ስንተኛው እንደሆነ ይመታል። «ማ» ለማለት አራት ጠቅ፣ እረፍት፣ አራት ጠቅ። «ፉ» ለማለት ግን እጅ ይዝላል፣ ሰሚም ቆጠራው ይጠፋበታል። ስለዚህ የሚሞክሩበትን ቃል ሁሉ ከፊደሉ አናት ላይ መረጡ፤ ሰላም፣ ሸማ፣ ቀለም። ስንፍና ነው፤ ያኔ ግን ብልጠት መስሏቸው ነበር። ቆጠራው የተጻፈበት ደብተር ከኤግዚቢሽኑ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። ዘንድሮ ነገሩን ሲያነሱት ሁለቱም በየራሳቸው የፊደል ገበታ ላይ እንደገና ቆጠሩ። ሳጂዳ ከሱቁ ጀርባ ሆና አንድ ቀን «ሰላም» አለች፤ ማህደር ተረተሩ ላይ ሆና «ሰላም» የሚለውን ሰማች። በሌላ ቀን «ቀለም» አለች፤ «ቀለም» ተሰማ። ይሠራል አሉ፤ ወሬ ሲገኝ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲላክ ተቃጠሩ። መላክ የምትችለው ሳጂዳ ብቻ ናት፤ ማህደር ያላት የአባቷ ራዲዮ ነው። ምን አልሽ ብላ መጠየቅ አትችልም።

ከዚያ በኋላ ነው የተጣሉት፤ መጣላት ከተባለ።

ሳጂዳ በአራት ነጥብ ወድቃለች። ውጤቱ ከመጣ ወር ሙሉ ስለ አራቱ ነጥብ አንዳቸውም አላነሱም። ማህደር ወደ ላይ ልትወጣ በተነሳችበት ቀን ግን ሳጂዳ፣ ካንዴላ በየቁጥሩ እየለየች፣ ለከርሞ እንደገና ልፈተን ይሆን እንዴ ብላ እንደዋዛ ጠየቀቻት። ማህደር ደክሟት ነበር። ኬላው ሳይዘጋ መውጣት ነበረባት።

«ምን ያደክምሻል?» አለቻት። «አንቺ ሱቅ አለሽ።»

ሳጂዳ ካንዴላውን መለየቷን አላቆመችም።

«ልክ ነሽ» አለች።

ደባርቅ ላይ የተቀየመ ሰው አይጮህም። ልክ ነሽ ይላል። ማህደር ይህን ታውቃለች፤ ዳገቱን ስትወጣ ተመልሳ አንድ ነገር ልትላት አስባ ነበር፤ ኬላውን ካለፈች በኋላ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ራዲዮው «ጠቅ» አለ።

ማህደር ከሰል አንስታ የሞሰቡን ክዳን ገለበጠች፤ በእያንዳንዷ ጠቅታ አንድ ሰረዝ ታሰምር ጀመር። አባቷ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው እሳቸውም በአንድ ጠቅታ አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። ዘጠኝ። ዝምታ። ስድስት። ረዘም ያለ ዝምታ። ከዚያ የማያልቅ የመሰለ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ማህደር ሃያ ላይ ስትደርስ ሰረዙን በአዲስ መስመር ጀመረች። ሃያ አራት ላይ ቆመ። አራት። ደግሞ አራት። አምስት። ከዚያ ሹሹታ፤ ከዚያ ድንጋዩ ራሱ አለቀ።

«መሐለኛው ሃያ አራት ነው» አሉ አባቷ። «እኔ በመቁጠሪያ አልሳሳትም።»

«እኔም ሃያ አራት ነው ያለኝ።»

የጭቃው ግድግዳ ነፋስ እንዳያስገባ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ከጋዜጣው መሐል ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት የመጣ፣ ሥዕል ያለበት የፊደል ገበታ አለ። ማህደር ጣቷን ከላይ ወደ ታች እያወረደች ቆጠረች። ሀ ሀብሐብ፣ ለ ለውዝ። ዘጠነኛው ቀ ነው፤ ስድስተኛው ቅ። ጣቷ ወደ ታች ቀጠለ፤ በ በሬውን አለፈ፤ አባቷ «ክሩ የበዛ ማሲንቆ» የሚሉትን ቫዮሊን አለፈ፤ ተ ተራራውን አለፈ፤ ሃያ አራተኛው የ ላይ ቆመ። አራተኛው ያ። መጨረሻ ላይ መ፤ አምስተኛው ሜ።

ቅ፣ ያ፣ ሜ።

ሁለተኛ ቆጠረችው። ያው ነው።

«ምን አለች?» አሉ አባቷ።

«ምንም። ተቀይሜያለሁ ነው የምትለው።»

አቶ ሻረው መቁጠሪያውን እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ አረፍተ ነገራቸው ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ማረፊያ አለው።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰው የተቀየመውን ሰው ዝም ይለዋል እንጂ እንዲህ ደጅ አያንኳኳበትም።»

ማህደር እሳቸው ሳጂዳን እንደማያውቋት ነገረቻቸው። ይህን ያህል ባትሪ፣ ይህን ያህል ጣጣ፣ ያን ቀን ለተባለው አጸፋ ለመመለስ ብላ! ስምንት ቀን ፀሐይ ላይ ድንጋይ ስታሰጣ የከረመችው ይህን ለመስማት ነው? መኪናው የሚወጣ ቢሆን ቀኑን ትልክላት ነበር፤ ቅያሜዋን ከላከች መኪና የለም ማለት ነው። እንዲህ ብላ ደመደመች። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። የሞሰቡን ክዳን በጨርቅ ወልውላ ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

ዓርብ ምንም አልተሰማም። ዓርብ ገብስ አጨደች፤ ወገቧ ተቆረጠ፤ ማታ ራት ሳትበላ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካን ተሸክማ ከምንጩ ስትመለስ፣ ከታች ከከተማው መውጫ ላይ የመኪና መስታወት ሲያብረቀርቅ አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተከታትለው በዳባት በኩል ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ይሄዳሉ። አሥራ አንድ ቆጠረች። ጀሪካኑን ሳታወርድ ቆማ አየቻቸው። እህል የጫኑ ናቸው አለች ለራሷ። ሕዝብ የሚጭን ቢሆን ሳጂዳ ትነግረኝ ነበር። ሳጂዳ ብትቀየምም ይህን አታደርግም። ከዚያ ታደርግ ይሆን ብላ አሰበች፤ ይህን ማሰቧ ከጀሪካኑ በላይ ከበዳት።

አክስቷ አገርነሽ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ መንገድ ተከፍቶ ነበር አሉ፣ ሁለት አውቶቡስ ሰው ይዞ ወጣ ይባላል አሉ። ማህደር የአባቷን እግር እያሸች ነበር። ማሸቷን ቀጠለች።

እሑድ ድንጋዩን ያሰጣችው ከልማድ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ስትከፍተው ግን ጠቅታው ቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ የቀረውን ያህል ያዘች፤ ደግነቱ ሳጂዳ ደገመችው። ዘጠኝ፣ አንድ። ስድስት፣ አንድ። ስምንት፣ ስድስት። ቀ፣ ረ፣ ሽ።

ቀረሽ።

ጥያቄ ይሁን ወቀሳ ጠቅታ አይለይም። የተቀየመ ሰው ግን ቀረሽ አይልም፤ ቀረሽ የሚለው የጠበቀ ሰው ነው። ማህደር ተነስታ ግድግዳው ፊት ቆመች። ይህን ቃል በትክክል ሰማሁት፤ ያንን ለምን አልሰማሁትም? ጣቷን ገበታው ላይ አድርጋ፣ አሁን ቁጥሩን ትታ፣ ልጅ ሆና እንደተማረችው ፊደሉን በአፏ ታወርድ ጀመር።

«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ...»

አፏ ተ ሲል ጣቷ ቫዮሊኑ ላይ ነበር።

እንደገና ጀመረች። አፏ በ ብሎ ወደ ተ ይዘላል፤ ጣቷ ግን መሐል ላይ ይቆማል። ከበ ቀጥሎ ቨ አለ። ቆንጥጠው ፊደል ያስቆጠሯት ቄስ ቨ ብለው አያውቁም፤ ቨ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። አንዳንዱ ገበታ ከበ አጠገብ ወንበር ሰጥቶታል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ከቤት አላስገባውም። ከቨ በላይ ያለው ፊደል በሁለቱም ገበታ ቁጥሩ አንድ ነው። ሰላም አንድ ነው። ቀለም አንድ ነው። ከቨ በታች ግን ሁሉም አንድ እርምጃ ይንሸራተታል። የሳጂዳ ገበታ ቨ ከሌለው ሃያ አራተኛዋ ፊደል የ አይደለችም።

በአፏ ቆጠረች። ሃያ አራተኛዋ ደ ናት። አራተኛው ዳ።

ቅዳሜ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ አባቷን ተሰናብታ ወረደች። አቶ ሻረው ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ስለ ፊደሉ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሲሰናበቷት ብቻ ግንባሯን ስመው፣ የቸኮለ ሰው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋልና ቀስ ብለሽ ሂጂ አሏት። ኬላው ላይ ያሳለፏት ወረቀቷን አይተው ነው።

ሳጂዳ ሱቁን ገና መክፈቷ ነበር። ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ ደጃፉን ትጠርጋለች። ማህደርን ስታይ መጥረጊያውን ያዝ አደረገች።

«ቅዳሜ ነው ያልኩሽ» አለች።

«ቅያሜ ነው የሰማሁት።»

ሳጂዳ መጀመሪያ አልገባትም። ማህደር ወደ ውስጥ ገብታ መደርደሪያው ላይ ያለውን ገበታ ፈለገች፤ አቶ ጠይብ ከመሠረተ ትምህርት ዘመን ጀምሮ ያስቀመጡት፣ ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ ነው። ጣቷን በ ላይ አድርጋ ቀጥሎ ያለውን አሳየቻት። ተ። ከዚያ የሆነውን ነገረቻት። ሳጂዳ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ መሆኑ የታወቀው ቀና ስትል ነው።

«ተቀይሜስ ነበር» አለች። «ግን ለቅያሜ ሃምሳ ሁለት ብልጭታ አላወጣም። እጄን እይው።»

የቀኝ አውራ ጣቷ ጫፍ ነፍሮ ቆዳው ተልጧል። «ነይ» የሚለውን ልትጨምር አስባ እንደነበር ነገረቻት። ግን በዚያው መሐል የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሃና ራዲዮ ጠቅ ጠቅ ሲል ሴትዮዋ ድንጋዩ አልቋል ብለው አዲስ ሊገዙ ሱቅ መጡ፤ እሳቸው ሳይወጡ ሌላ ሁለት ሰው ለዚሁ መጣ። አቶ ጠይብ ገበያው ደስ ብሏቸው ሳለ ከጓሮ በኩል ብልጭታውን አዩት፤ ደስታቸው ጠፋ፤ በዚህ ጊዜ ሽቦ ዛፍ ላይ የሚሰቅል ሰው ምን እንደሚባል አታውቂም ወይ ብለው ሽቦውን አወረዱት። ዓርብ ያልላከችው ለዚህ ነው። እሑድ አባቷ ለቅሶ ሲሄዱ እንደገና ሰቀለችው።

ማህደር ገበታውን እያየች ነበር።

«ቨ የለውም» አለች።

«ቨ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ዩኒቨርሲቲ ይጻፍበታል።»

ሳጂዳ ተነስታ ገበታውን ቀረብ ብላ አየችው።

«እንግዲያው የኔ ገበታ ላይ ዩኒቨርሲቲ የለማ» አለች።

ማህደር ልትናገር አፏን ከፈተች። ዳገት ስትወጣ ያሰበችው፣ ሐሙስ የረሳችው፣ ቅዳሜ ያፈረችበት ነገር ነበር።

«ያን ቀን ያልኩሽ...»

«ተይው» አለች ሳጂዳ። «ሰዓት የለሽም። ምዝገባው ነገ ያበቃል አይደል?»

ሰዓት የሌላት መሆኑን ሳጂዳ ቀድማ አስባበታለች። ከደባርቅ መኪና አይወጣም፤ እግረኛ ግን ያልፋል። ዳባት ላይ የአጎቷ ልጅ ሙጂብ ባቄላ እየጫነ ነው፤ ነገ ማለዳ ወደ ጎንደር ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለጭነት ተፈቅዷል። አሁን ከተነሳች ሳይመሽ ዳባት ትገባለች። ይህን የተናገረችው ለማህደር በሶ እየቋጠረችላት ነው። ለሙጂብ የምትሰጠውን ብጣሽ ወረቀት ደግሞ ጻፈች፤ ጽፋ ስትጨርስ ማህደር እንድታነብላት ሰጠቻት።

«ምን ይላል?»

«ይህችን ልጅ ጎንደር አድርሳት።»

«ጥሩ። በዚህ አልተለያየንም።»

እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘቻት። መለያያው ላይ ሳጂዳ፣ ዳባት ስትደርሺ እንዴት አውቃለሁ ብላ ጠየቀች።

«አታውቂም» አለቻት ማህደር።



«እንግዲያው ደርሳለች ብዬ እይዛለሁ» አለች ሳጂዳ፤ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ማህደር ዞራ አላየችም፤ ዞራ ብታይም የምታየው ለከርሞ የምትፈተን ይሁን የማትፈተን ያልታወቀች አንዲት ሻጭ ነው፤ ይህንን ደግሞ ያባባሰችው እሷ ናት።

አስፋልቱ ባዶ ነበር። ባዶ አስፋልት ላይ መሄድ ከዳገት ይልቅ ያደክማል፤ እግር የሚይዘው ነገር የለም፤ የሄድሽው ሁሉ ያልሄድሽውን ይመስላል። ወቅን ስትደርስ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ነበር። ከመንገድ ዳር ገለባ የምታነሳ ሴት አግኝታ ዳባት ሩቅ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ቅርብ ነው» አለች ሴትዮዋ።

ማህደር ሳታስበው በልቧ ቆጠረችው። ቅ፣ ር፣ ብ። ሁሉም ከፊደሉ አናት ነው፤ በየትኛውም ገበታ ያው ነው። ቅርብ የተባለው ግን ሦስት ሰዓት አስኬዳት።

ዳባት ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አይሱዙው ከወፍጮ ቤቱ ጎን ቆሟል። ሙጂብ የባቄላውን ጆንያ በገመድ ሲያጠብቅ አገኘችው፤ ሠላሳ የሚሆነው፣ ድምፁ ትልቅ ሰው ነው። ብጣሿን ወረቀት አነበበና ከላይ እስከ ታች አያት።

«ቅዳሜ እኮ በዚህ አለፉ» አላት። «ሁለተኛው አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ነበር። ምነው ያኔ አልሄድሽም?»

ማህደር ሁሉንም ልትነግረው ትችል ነበር፤ ኮይሉን፣ ቨን፣ የወይዘሮ ሃናን ራዲዮ። ለዚያ የሚሆን አቅም አልነበራትም።

«ፊደል ተሳስቼ» አለች።

«ፊደል?»

«አዎ።»

ሙጂብ ጆንያ ወደሚያቀብሉት ሰዎች ዞረ። «ሰማችሁ? ይህችን ነው ዩኒበርስቲ የሚወስዷት!» አለ፤ ሳቁባት፤ ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። ማህደር ከጆንያዎቹ ባንዱ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ደም አውጥቷል። በሶውን ፈታ አንድ ጭብጥ በላች፤ ከዚያ ሸሚዟ ውስጥ ያለውን ወረቀት መኖሩን ዳስሳ አረጋገጠች።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለችው።

«አሥራ ሁለት።»

«በጣትህ አሳየኝ።»

ሙጂብ ገመዱን ለቀቀና ትኩር ብሎ አያት፤ እየቀለደች እንዳልሆነ ሲያውቅ አሥር ጣቱን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ከዚያ ሁለት ጣት አወጣ። ማህደር አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።